ሽኮኮ፣ የሸረሪት ድርና የጋራው ጎተራ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ አገር አገራቸውን ለይተው በሚኖሩበት ዘመን፣ አራት ጎረቤታም አገሮች ነበሩ፤ የገደል አገር፣ የሜዳ አገር፣ የጫካ አገርና የወንዝ ዳር አገር። ቋንቋቸው አይገናኝም። አንዱ ያናፋል፣ አንዱ ያገሳል፣ አንዱ ይንጫጫል። በድንበር ይጣላሉ፣ በግጦሽ ይካሰሳሉ፣ ታርቀው እንኳ መኮራረፋቸውን አይተዉም። በአንድ ነገር ብቻ ሁሉም ይስማሙ ነበር፤ እሱም የጋራው ጎተራ ነው።

የጎተራው ሥርዓት እንዲህ ነው። መስከረም ሲጠባ እያንዳንዱ እንስሳ ከሚበላው ነገር አንድ ጉርሻ ያዋጣል። አህያ ገብሷን፣ አንበሳ ቋንጣውን፣ ጦጣ የሾላ ፍሬዋን ታመጣለች። ጅብም አይቀር፣ አጥንት ይዞ ይመጣል፤ እሱም አስቀድሞ ግጦ ግጦ የጨረሰውን አጥንት! ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ለጠያቂዎች ነው። ጠያቂ ማለት ሥራው መጠየቅና መልሱን መፈለግ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። «ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ? ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ይመለሳል?» እያለ ሲመራመር ይውላል። ጠያቂው የትኛውም አገር ይወለድ፣ ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ከጎተራው ይበላል። ሆዱን ለመሙላት የሚሮጥ እንስሳ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ መዋል አይችልማ!

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የባሰባት የገደል አገሯ እመት ሽኮኮ ነበረች። ቁመቷ ከአንበሳ ጉልበት አይደርስም፤ ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም። በዚያ ዓመት የመስከረም ጉባኤ ላይ፣ እንስሳቱ ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ እየዘለለች ከመካከል ገባች።

«ጉድ! ጉድ! ስሙኝማ!» አለች። «የሸረሪት ድር ዝናብ ሳይዘንብ ይረጥባል! በደረቅ በጋ! የገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ብቻ ነው የሚረጥበው፣ ታች ያለው ደረቅ ነው። ጠዋት ጉሙ ከምሥራቅ ሲመጣ ጠብታው በድሩ ላይ እንደ ጨሌ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ! አጠገቡ የተንጠለጠለው ሐረግ ግን ደረቅ! አንድ ጉም፣ አንድ ቦታ! ድሩ ለምን ረጠበ? ሐረጉ ለምን ደረቀ?»

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። «ይበላል?» አለ።

«ምኑ?»

«ድሩ ነዋ!»

«ኧረ አይበላም፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልን ነው?»

«ገና አላወቅሁም!» አለች ሽኮኮ፣ በደስታ እየተቁነጠነጠች። «ደስ የሚለውም እሱ አይደል!»

በዚህ ጊዜ ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ተነሣች። ቀበሮ ጅራቷን ስታስተካክል ነገር አለ ማለት ነው።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ክፉ መናገር አልወድም፣ ታውቁኛላችሁ» አለች። «ግን እስቲ ፍረዱኝ። የጫካ አገር ይህን ሁሉ ቋንጣ ያዋጣል። የገደል አገር የሚያዋጣው እፍኝ የማይሞላ ሣር ነው። ጌታችን አንበሳ በቋንጣቸው ምን ገዙ? የሸረሪት ድር ወሬ! ያውም የሰው አገር ሸረሪት! እኔ የምለው፣ ሁሉም የሰጠውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስና የራሱን ጠያቂ ይቀልብ። ጠያቂውም የሚጠቅም ነገር ብቻ ይጠይቅ።»

ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ቀበሮ ምን አስባ እንደተናገረች ግን እኔ ልንገራችሁ፤ ትልቁን ጎተራ የሚጠብቀው ዝሆን ነው። በየአገሩ የሚበተነውን ትናንሽ ክምር ማን ሊጠብቀው ነው?

አንበሳ ስለ ቋንጣው ሲነሣበት ሆዱ ባባ። «እውነቷን ነው፤ የኔ ቋንጣ በኔ አገር ይበላ» አለ። ዓመት በዓመት ያን ሁሉ ጭነት ወደ ጎተራው የምታመላልሰው እትዬ አህያ ደግሞ «እኔስ ጀርባዬ ያርፍልኛል» ብላ ተስማማች። ጎተራው ተከፈለ። የሜዳ አገርን ድርሻ ማን ይጠብቀው ሲባል አያ ጅቦ «እኔ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። ሰጡት! እናንተዬ፣ ለጅብ ሰጡት!

ከዚያ የሆነውን ለመገመት ጠያቂ መሆን አያስፈልግም። የሜዳው ድርሻ ከከረጢቱ ጭምር ጠፋ፤ አያ ጅቦም «ነፋስ ወሰደው» አለ። የጫካውን ክምር ቀበሮ በጓሮ በኩል አጋመሰችው። በየአገሩ የቀረው ድርሻ አንድ ጠያቂ እንኳ እስከ በጋ የማያደርስ ሆነ። የሽኮኮማ አይነሣ! የገደል አገር እፍኝ ሣር በልታ ስትጨርስ፣ እንደማንኛውም ሽኮኮ በማለዳ ሣር ፍለጋ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ጉሙ የሚመጣው ደግሞ በማለዳ ነው። ሆዷን ሞልታ አፋፉ ላይ ስትደርስ ጉሙ ሄዷል፣ ድሩም ደርቋል። ጥያቄዋ እዚያው ቆመ።

እትዬ አህያ ይህን ሰምታ አላስቻላትም። አንድ ጠዋት ከራሷ ገብስ ጥቂት ቋጥራ ገደሉን እያለከለከች ወጣች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ጉሙ ዓይኗን ከለላትና አፍንጫዋን ድሩ ውስጥ ሰነቀረችው። ከንፈሯን ላሰች።

«ውይ! ይቺ እኮ ውሃ ናት!»

«ውሃማ ናት፣ እትዬ አህያ» አለች ለሣር ፍለጋ ልትወርድ ስትል ያገኘቻት ሽኮኮ። «የኔ ጥያቄ ሐረጉን ትታ ድሩ ላይ ብቻ ለምን እንደምትቀመጥ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጠጣኋት እኮ ነው የምልሽ!»

«ነው እንዴ?» አለች ሽኮኮ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። «እሱንስ አላሰብኩትም ነበር!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ጥቂቷ ገብስም አለቀችና ነገሩ በዚያው ቀረ።

በተከታዩ ክረምት ዝናብ ቀረ። ሰማዩ ጠራ፣ ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬው ጭቃ፣ ጭቃውም ትቢያ ሆነ። አራቱም አገሮች ጠያቂዎቻቸውን ጠርተው «በሉ እንግዲህ የሚጠቅም ነገር ጠይቁ! ውሃ የት አለ?» አሏቸው። ጠያቂዎቹም ከየጉድጓዱ አፈር ብቻ አወጡ። ግልገሎች በጥማት መንገድ ላይ ይወድቁ ጀመር። የአንበሳ ድምፅ ሰልሎ፣ ሲያገሳ ድመት የተቆጣች ይመስል ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀበትም።

ሁሉም ተሰብስበው አንገታቸውን በደፉበት ቀን እትዬ አህያ ድንገት ብድግ አለችና አናፋች። እንዴት ያለ ማናፋት መሰላችሁ! ተራራው አስተጋባ።

«ድሩ! የሽኮኮ ድር! ጠጥቼበታለሁ እኮ! ያን ድር ትልቅ፣ የትየለሌ ብናደርገውስ?»

ጉባኤው በአንድ አፍታ ተቀጣጠለ። ሽኮኮ የትኛው አፋፍ፣ ወደየት አቅጣጫ፣ በየትኛው ነፋስ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረች። የጫካ አገር እንጨትና ገመድ አቀረበ። የወንዝ ዳር አገር ሸማኔ ወፎች፣ ጎጇቸውን በአየር ላይ የሚሠሩት እነዚያ ባለሙያዎች፣ መረቡን ሊሠሩ ክንፋቸውን እያራገቡ መጡ። የሜዳ አገር ተሸካሚ ሆነ።

«ውሃ ከባድ ነገር ነው» አለ አንበሳ። «ወፍራም ገመድ ይሁን፤ በቀጭኑ ይበጠስብናል።»

ንግግሩ ልክ መሰላቸው። በወፍራም ገመድ ግድግዳ የሚያክል መረብ ሠርተው አፋፉ ላይ ተከሉ። በማለዳ ጉሙ መጣ። እንስሳቱ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ጉሙ በመረቡ አልፎ ሄደ። አንድ ጠብታ የለም! ገመዱ እንደ ሰኔ ማገዶ እንኳ አልረጠበም።

አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ። «አላልኳችሁም? የማይበላ ነገር ምን ያደርጋል!»

ሽኮኮ ግን ከመረቡ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። «ይቺን ነበር መመለስ የቀረኝ!» አለች። «ሐረጉ ለምን ደረቀ የሚለውን ልመልስ ስል ነው ጉርሻው የተወሰደብኝ! ያኔ ባውቀው ኖሮ ዛሬ አንሳሳትም ነበር!»

አንበሳ መሬት መሬቱን አየ። ቋንጣውን መልሶ የወሰደው እሱ ነበርና ነገሩ ከማንም ይልቅ እሱን ወጋው።

«አሁን ብትጠይቂውስ?» አለ በሰለለ ድምፁ። «ምን ያስፈልግሻል?»

«እዚህ መቀመጥ። ማየት። ሣር ፍለጋ አለመውረድ።»

አንበሳ ተነሥቶ ሄደና የመጨረሻዋን ቋንጣ በአፉ ይዞ መጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሥጋ አልበላም» አለች ሽኮኮ።

«ይሁን፤ አጠገብሽ ትቀመጥ!»

ያኔ ሁሉም ያላቸውን አመጡ። ገብስ፣ ፍሬ፣ ሥራ ሥር፣ የተደበቀውም የተረሳውም ወጣ። የየአገሩ ጠያቂዎችም ጉድጓዳቸውን ትተው ወደ አፋፉ ተሰበሰቡ። ሽኮኮ እንባዋን ጠርጋ ትእዛዝ ታወርድ ጀመር። አንድ ትንሽ መረብ በወፍራም ገመድ፣ አንድ በመካከለኛ፣ አንድ ደግሞ ቃጫው ተሰንጥቆ ተሰንጥቆ እንደ ጠጉር በቀጠነ ክር ተሠራ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሰቀሏቸው።

ጎህ ሲቀድ ጉሙ ከምሥራቅ ግልብጥ ብሎ መጣ። ትንፋሽ የሚስብ ጠፋ። ወፍራሙ ላይ ምንም የለም። መካከለኛው ላይ የላብ ያህል ወዛ። ቀጭኑ ላይ... ወይ ጉድ! ቀጭኑ ላይ ጠብታ፣ ከጠብታ ጎን ጠብታ፣ ጠብታው ተያይዞ ቁልቁል ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«አገኘሁት!» ብላ ሽኮኮ ወደ ላይ ዘለለች። «ጉሙ ወፍራሙን ሲያይ፣ የወንዝ ውሃ ድንጋይን እንደሚዞር ዞሮት ይሄዳል! ቀጭኑ ላይ ግን መዞሪያ ጊዜ የለውም፣ ገጭ ይላል! ገባችሁ? ገጭ!»

ማን ይስማት! አህያ ታናፋለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ዝሆን እግሩን እያነሣ ይጥላል። ሸማኔ ወፎች ወዲያው ትልቁን መረብ በቀጭን ክር ሠሩት፤ ከሥሩ በግንድ የተቦረቦረ ገንዳ ተደረገ። ጠዋት በጠዋት ገንዳው ሞላ። መጀመሪያ ግልገሎች ጠጡ፣ ቀጥሎ እናቶች። አንበሳ ተራው ደርሶት ጠጥቶ ጢሙን ላሰና አገሳ፤ እንደ ድሮው አገሳ!

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያሉ ሲያስፈራሩኝ ኖረዋል» አለ። «አንበሳ ያጠጣል ብሎ የነገረኝ ግን የለም!»

አያ ጅቦስ? አያ ጅቦ ይህን ሁሉ እልልታ ሰምቶ «እንግዲያው ይበላል ማለት ነው» ብሎ ደመደመና ያን የመጀመሪያውን ወፍራም መረብ ሊውጥ ገባ። ግማሹ ጉሮሮው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። ዝሆን ጎትቶ እስኪያወጣለት ድረስ ዓይኑ እንደፈጠጠ ዋለ።

ቀበሮ ግን ተስፋ አትቆርጥም። ጅራቷን አስተካክላ ተነሣች። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። መረቡ የአራት አገር ሀብት ነው። አራት ቦታ ቆርጠን ሁሉም ድርሻውን ወደ አገሩ...»

«ቆርጠን?» አለች እትዬ አህያ። «ሜዳ ላይ ጉም አለ? ጫካ ውስጥ የምሥራቅ ነፋስ ይገባል? አራት ቦታ የተቆረጠ መረብ አራት ጥቅል ክር ነው! እኔ ጀርባዬ ይላጥ እንጂ ከዛሬ ጀምሮ ለጋራው ጎተራ አመላልሳለሁ!» ብላ የኋላ እግሯን ስታነሣ፣ ቀበሮ የቀረውን ንግግሯን ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆና ለራሷ ተናገረችው።

መስከረም ጠባ። የጋራው ጎተራ እንደገና ተከፈተ፤ አንበሳም ከሁሉ ቀድሞ ቋንጣውን ይዞ ቆመ።

«እመት ሽኮኮ፣ ዘንድሮ ምን ትጠይቂያለሽ?» አላት። «ስለ ኩሬ ነው? ስለ ዝናብ?»

«ኧረ የለም! ሸረሪቷ በራሷ ድር ለምን እንደማትያዝ!»

አንበሳ «ይህ ደግሞ ለምን ይጠ...» ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። ግንባሩን ቋጠረ። አሰበ። እንደገና አሰበ።

«እውነትም!» አለ ድንገት፣ ጋማው ቆሞ። «ለምን አትያዝም? እግሯ ምን ቢሆን ነው?» ከዚያም ቋንጣውን ጎተራው ውስጥ ወርውሮ፣ ንጉሥነቱንም ረስቶ፣ ሸረሪቷን ለማየት ከሽኮኮ ኋላ ገደሉን መሮጥ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ በጥጋብ ቀን በጋራ ያልተቀለበ ጥያቄ በችግር ቀን መልስ ሆኖ እንደማይገኝ ነው።