ባዶው ጋቢ

አንዲት ሴት ነበረች። አልቃሽ ነበረች።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ማስተዋል፤ ቁጭ በይና ስሚኝ። አንቺ፣ «ኮሌጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ ድርሰት አስተምራለሁ፣ የተማሪዎቼን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝኩ የተሻለውን እጽፍላቸዋለሁ፣ እነሱም ያንኑ ገልብጠው ያመጡልኛል፣ አሁን ግን የወረቀታቸውን ክምር ሳነብ የሁሉም ድምፅ የኔው ሆኖ ያስፈራኛል፤ ማረሜ ነው ወይ ጥፋቱ?» አልሽኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለ እንግሊዝኛ የምነግርሽ የለኝም። ስለ ለቅሶ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ያቺ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅስ ነበር ይላሉ። ሰው ድምፅዋ ነው ይላል እንጂ ድምፅዋ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ ጓዳ ትገባና የሟቹን ሰዎች ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? በምን ይቆጣ ነበር? አረማመዱ እንዴት ነበር? ከዚያ ወጥታ ስታለቅስ ሟቹ በሰው መሃል የቆመ ይመስላል።

ዕድሜ ሲጫናት ኮረዶች ሰብስባ ማስተማር ያዘች። እንግዲህ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ መለማመድ ሟርት ነው፤ አይደረግም። ስለዚህ መደቡ ላይ አንድ ባዶ ጋቢ ሰው የተኛበት አስመስላ ትዘረጋለች፤ ልጆቹ ለሱ ያለቅሳሉ። አንዷ ከራሷ ያመጣችውን ስንኝ ስትሞክር፣ ተይው፣ ይሄ አያምርም፣ እንዲህ በይ ትላታለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ልጄ። ልጅቷ ቃሏን ፈልጋ እስክታገኝ ከመጠበቅ አልቃሿ የራሷን ቃል መስጠት ይቀላት ነበር። መጠየቁንም አላስተማረቻቸውም። ባዶ ጋቢ ምን ይጠየቃል?

ልጆቹ ጎበዙ፤ አገሩም ወደዳቸው። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ጨው ነጋዴ አገኛትና፣ «እሜቴ፣ ትናንት ከወንዙ ማዶም ከወንዙ ወዲህም አለቀሱ አሉ። በቅሎ ገዙ እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። እሷም ሳቀች። ትናንት ግን ጉንፋን ይዟት ከቤቷ አልወጣችም፤ ያለቀሱት ተማሪዎቿ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ ከየኮረብታው የራሷን ድምፅ ትሰማ ጀመር። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ እሷ አፏን ዘግታ እህሏን እያኘከች፣ ድምፅዋ በሩቅ ያለቅሳል። ምን ልበልሽ፣ መሶቡን ከድና ትነሣ ነበር።

ታዲያልሽ ከተማሪዎቿ የአንዷ እናት ሞተች። በርበሬ ሻጭ ነበረች፤ ገበያው የሚያውቃት በማስነጠሷ ነው። አንዴ ከጀመራት አያቆማትም፤ በራሷ ትስቃለች፣ ሰዉም አብሯት ይስቃል። እንዝርት በእጇ ነክታ አታውቅም።

ልጅቷ በጋቢ በተጠቀለለው አስከሬን አጠገብ ቆመች። አፏን ስትከፍት የወጣው የመምህሯ ድምፅ ነበር።

እንዝርቷ ወደቀ ጥጧ ተበተነ፣
ያች ፈታይ እመቤት ቤቷ ወና ሆነ።

የሟች እህት ቀና አለች። «ማንን ነው የምታለቅሰው?» አለች ለጎረቤቷ። ልጅቷም ራሷን ሰምታለች፤ ዓይኗ ፈጧል፤ ልታቆም ትፈልጋለች፣ አፏ ግን እምቢ አላት። ሌሎቹ ተማሪዎች ከየቆሙበት ተቀበሏት፣ ሁሉም በዚያው ባንድ ድምፅ። አልቃሿ ከሰው መሃል ሆና አስከሬኑን አየች። ስንኙ በወረደ ቁጥር ጋቢው ዝቅ ይላል። በደረቱ በኩል ጎደለ። በጉልበቱ በኩል ጎደለ። መደቡ ላይ የምትዘረጋው ባዶ ጨርቅ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ልጅ እናቷን ሳትሸኝ እናትየዋ ልትጠፋባት ነው።

ይሄኔ አልቃሿ ሰው እየገፋች ሄደችና መዳፏን በልጅቷ አፍ ላይ ጫነች። ድምፁ ወዲያው አልቆመም፤ ከመዳፏ ሥር ትንሽ ቆየ። ሲያበቃ፣ ስንት ዘመን የተወችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እናትሽ እንዴት ያለች ነበረች?»

ልጅቷ ወደ ጋቢው ዞረች። አልቃሿም ቃል አላዋሰቻትም፤ ጠበቀች። ቆይታ ቆይታ ልጅቷ በሻከረ፣ በራሷ ድምፅ፣ «ታስነጥስ ነበር» አለች። አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። «ስታስነጥሺ ነበር ከገበያ መመለስሽን የማውቀው፣ እናቴ። ከእንግዲህ በምን ልወቅ?»

ቤት አይመታም። ሙሾም አይባል። የሟች እህት ግን መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ለቀስተኛው ሁሉ አነባ። ያዩት እንደሚሉት ጋቢውም ቀስ እያለ ሞላ። ሰው ተኝቶበት ነበር።

አየሽ ልጄ፣ አልቃሿ አንቺ ነሽ። ማረምሽ ጥፋት አይደለም፤ ያቺም ልጅ ኋላ ቤት መምታቱን ተምራለች። ጥፋቱ ሳትጠይቂ ማዋስሽ ነው። እስክሪብቶሽን ከማሳረፍሽ በፊት ልጁን ጥሪና «ምን ልትል ነበር?» በይው። ቢንተባተብም ጠብቂው። የነሱ እንግሊዝኛ ማስነጠሱ አይቀርም፤ ያስነጥስ። ነገ ያ ክምር በገዛ ድምፅሽ ሲያናግርሽ ግን አትሽሺ፣ ጽሑፉን እንደዚያ ጋቢ ገለጥ አድርጊና እዪ።

ሰው አለበት?