የአቶ አንዳርጌ ደወል

የክፍለ ከተማው ኃላፊ አቶ አንዳርጌ ለጤናቸው ብለው፣ ይልቁንም ለጤናቸው ሲለፉ ፎቶ ለመነሳት ብለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት መንዳት ጀመሩ። ለብስክሌት በተሠራው መንገድ ላይ የገዛ አጃቢዎቻቸው መኪና ቆሞበት ስለነበር በእግረኛ መንገዱ ገቡና ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ገጭተው ጣሉ። የገዛችው ቲማቲም መሬት ላይ ተበተነ።

አቶ አንዳርጌ ሄልሜታቸውን አስተካክለው ተቆጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ያህል ደወል ስደውል ለምን ዞር አላልሽም? በይ አሁን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂኝ።»

ትራፊክ ፖሊሱ ደረሰ። ብስክሌቱን የያዘው ማን እንደሆነ ሲያይ ጥፋተኛውን ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም።

«እናቴ፣ ደወሉን ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም? ሰምተው ዞር ካላሉ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ካልሰሙ ደግሞ ጆሮዎን ሳይታከሙ መንገድ መውጣት አልነበረብዎትም።»

ሴትዮዋ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና ወደ አቶ አንዳርጌ ዞረች።

«ደወሉንስ ሰምቻለሁ ጌታዬ። ግን የቤቴ ውሃ ተቋርጦ ክረምቱን ሙሉ እርስዎ ቢሮ ደጅ ስጠና ነው የከረምኩት። ባለጉዳይ ለማስገባት ደወል በደወሉ ቁጥር ብድግ ስል ጸሐፊዎ ‹ለእርስዎ አይደለም፣ ይቀመጡ› ትለኛለች። ታዲያ ዛሬ ለእኔ ይደውላሉ ብዬ በምን ልጠርጥር?»