አይጥ የበላው ማኅተም

አንድ ማንንም የማያምኑ የኮሌጅ ሬጅስትራር ነበሩ። ስማቸው ደግሞ አቶ ይመኑ! አዲስ ተማሪ ማስረጃውን ሲያቀርብ ወደ መስኮት አንስተው በብርሃን ያዩታል፤ ማኅተሙን በጣታቸው ፈትገው ያሸቱታል። «ይሄ ቀለም ትናንት የደረቀ ነው» ካሉ አለቀ፤ ልጁ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የኮሌጁ ዲን በእኚህ ሰው ይኮሩ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አቶ ይመኑ ሥራ ፍለጋ ሲመጡ የቅጥር ማስታወቂያውን አገላብጠው፣ «ቀን የለውም፤ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሏቸው። ዲኑ በደስታ ሳቁ። «የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው!» ብለው ሌላ ሳይጠይቁ ቀጠሯቸው። አቶ ይመኑም የትምህርት ማስረጃቸውን በፍሬም አሰርተው ከወንበራቸው በላይ ሰቀሉት። ሁሉም አየው፤ ማንም አላነበበውም። ረዳት ሲቀጥሩም ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ሰው ታምናለህ?» «ኧረ እኔ የእናቴንም ልጅ አላምን!» ያለ በማግስቱ ወንበር ያገኛል።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ትርንጎ የምትባል ልጅ ከሩቅ ወረዳ ሁለት ቀን ተጉዛ ደረሰች። አባቷ፣ «ካልተቀበሉሽ ለመጡት ሽማግሌዎች እሺ ብዬ እድርሻለሁ» ብለዋታል።

አቶ ይመኑ ወረቀቷን በብርሃን አዩት። «የማኅተሙ ጠርዝ ጎዶሎ ነው። ፎርጅድ!»

«ጋሼ፣ ጠርዙን እኮ አይጥ በልቶት ነው።»

«አይጥ!» ረዳቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዲኑም ሳቁን ሰምተው ገቡ።

ትርንጎ እንባዋን ለመመለስ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አነበበች። ፊቷ በራ። «ውይ ጋሼ! እርስዎም የእኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነዎት!» ወዲያው ግን ግራ ገባት። «የእርስዎን ማኅተም ግን አይጥ አልበላውም።»

ዲኑ ስልክ አንስተው ወደ ትምህርት ቤቱ ደወሉ።

«ማኅተማችንንማ አይጥ የበላው የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች እንኳ ሳናስመርቅ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «አዲስ ይቀረጽልን ብለን ጽፈን መልሱን እስካሁን እየጠበቅን ነው። ሙሉ ማኅተም ያለው ካገኛችሁ የእኛ አይደለም።»

ለካ አቶ ይመኑ ለፎርጅድ ማስረጃቸው ያንን ትምህርት ቤት የመረጡት ከዚያ ጠረፍ ማንም አይመጣም ብለው ኖሯል።

ትርንጎ ተመዘገበች። ዲኑ ግን የአቶ ይመኑን ቁም ሳጥን ሲከፍቱ በስድስት ዓመት ውስጥ «ፎርጅድ» ተብለው የተጣሉ ማመልከቻዎች ተቆልለው አገኙ። ከእነዚህ ስንቱ እውነተኛ ነበር? የስንቷስ ልጅ ዕድል ተዘጋ? እያንዳንዱ ለምን እንደተጣለ ሊጠየቁ የሚችሉት አቶ ይመኑ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ማን ይመን? ዲኑ አፈሩ። የኮሌጁን በር ለእሳቸው አደራ የሰጡት ራሳቸው ናቸውና።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። መጠርጠር ዕውቀት አይደለም፤ አንዳንዴ የራስን ጉድ መሸፈኛ ነው። እኔ በበኩሌ አብዝቶ ከሚጠረጥር ሹም ፊት ስቆም ዓይኔ ቀድሞ ከጀርባው ወዳለው ግድግዳ ይሄዳል። እርስዎስ፣ የልጅዎን ወረቀት የሚመረምረውን ሰው ወረቀት ማን እንደመረመረው ጠይቀው ያውቃሉ?