በአውሮፕላን የቀናው ሰጎን

ስሙኝማ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ቆላ አገር አንድ ሰጎን ነበር። እሱ የሚውልበት ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እየመጣች ታርፋለች። ስታርፍ ሴቱ እልል ይላል፤ ስትነሳ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል። ሰጎንን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

«ክንፍማ እኔም አለኝ!» አለ ሰጎን። ቅናት ያዘው።

ወደ ነፋስ ሄደ። «ጌታው ነፋስ፣ ያቺን ኩራተኛ ገልብጥልኝ።»

«ምን አደረገችህ?»

«ትበራለች!»

«እሱማ ሥራዋ ነው» ብሎ ነፋስ ጥሎት አለፈ።

ወደ ምስጥ ሄደ። «እመት ምስጥ፣ ያቺን አውሮፕላን ብይልኝ!»

«ብረት አልበላም» አለች ምስጥ።

ወደ ከርከሮ ሄደ። አሁን ተንኮል ጨመረበት። «አያ ከርከሮ፣ አውሮፕላኗ የምትሄድበት መንገድ ሥር ጣፋጭ ሥራ ሥር ሞልቷል አሉ።» ከርከሮ ሆዱን ይወዳል። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ምንም ሲያጣ ተሳድቦ ሄደ። ሰጎን ጉድጓዱን ሣር አለበሰው።

በማግስቱ ትርንጎ የምትባል ሴት ምጥ ጠናባት። ባሏ ቢያድግልኝ ደግፎ አውሮፕላኗ ላይ አሳፈራት። አብራሪው መክብብ «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ሐኪም ቤት እንደርሳለን» አላት። አውሮፕላኗ ወደ መነሻዋ ቀስ እያለች ስትሄድ የፊት ጎማዋ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጓ! በአፍንጫዋ ተደፋች፤ ከፊቷ የሚሽከረከረው ፕሮፔለሯ አፈር መትቶ ተጣመመ፣ ክንፏም ተሰበረ።

«ኧረ ሚስቴን!» አለ ቢያድግልኝ። መክብብ በሩን ገንጥሎ አወጣት። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ አንስተው እስከ ሐኪም ቤት ያን ሁሉ መንገድ በእግር ተያያዙት።

ሰጎን ክንፉን ዘርግቶ ብቅ አለ። ማንም አላየውም።

አውሮፕላኗ ግን አየችው። «ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜ አንቺን ብቻ ያያሉ!»

«እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ በአንተ እቀና ነበር» አለችው። «እኔ መንገድ ካልተጠረገልኝ አልራመድም፤ አንተ እሾኩን ረግጠህ ትሮጣለህ። ዛሬ እግርህ ቢኖረኝ ትርንጎን ባደረስኳት።»

ሰጎን የዘረጋውን ክንፍ አጠፈ።

ትርንጎ ተረፈች፤ ልጇ ግን መንገድ ላይ ሞተ። አውሮፕላኗ ከርማ ተጠገነችና በረረች። ሰጎን እስከ ዛሬ ሰው ሲያይ ይሮጣል። ፈርቶ ነው ይላሉ፤ አፍሮ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ የሰው ክንፍ ቢሰብሩ የራስ ክንፍ አያበረታም፤ የሚጎዳውም ምንም ያላጠፋው ነው። እኔ ይህን ነገርኳችሁ፣ እናንተ ደግሞ ለሚቀና ሰው ንገሩ።