ሁለተኛው የኤሊዋ ፊልም

የሥዕል ተማሪዋ ረድኤት ለመመረቂያ ጽሑፏ ሰው ሁሉ የናቀውን የአንድ ካርቱን ፊልም ተከታይ ክፍል ስትመርጥ ጓደኞቿ ሳቁባት። መምህሯ ዘንድ ሄዳ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም አይረባም ያለውን እንደገና ማየት ሞኝነት ነው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የውጭ ፊልም ለተመልካች በቃል ይተረጉማል። ወላጅ አልነበረውም፤ የሚኖረው በድምፁ ነው። ተመልካች ካልሳቀ ባለቤቱ እራት አይሰጠውም። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይለፈልፋል። ፊልሙ ዝም ሲል እንኳ ከራሱ ይጨምራል።

ሦስት ፊልም የወጣላት የካርቱን ኤሊ ነበረች። በመጀመሪያው አዞ ታሸንፋለች፤ በሦስተኛው ትነግሣለች። ለሁለቱ ሰው ይጋፋል። በሁለተኛው ግን ቅርፊቷ ተሰንጥቆ ወንዝ ዳር መዳኗን ትጠብቃለች፤ ሌላ የለም። ተርጓሚው ዝምታዋን በፉከራ ሞላው። ሰዉም «ተቀምጣ ምን ያስፎክራታል?» እያለ ወጣ። እሱም ፊልሙን ረገመው።

አንድ ክረምት ታመመና ድምፁ ተዘጋ። ባለቤቱ፣ ሰው ገብቶ ስለነበር፣ ብዙ ንግግር የሌለበትን ሁለተኛውን ከፈተ። ተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ፣ ዛሬ አፍህን ማን ለጎመው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ተወው፤ እያየሁ ነው» አለ አጠገቡ ያለ ጋሪ ነጂ።

ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ኤሊዋ አታለቅስም። ሠዓሊዎቹ ጠብታውን አንድ በአንድ ስለውታል። ተርጓሚው ሃያ ጊዜ ሲጮህበት ያንን ዝናብ አላየውም ነበር። በረንዳ ያደረ ሰው ነውና አቀማመጧን አወቀው። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ቶሎ አልተነሣም።

በሳምንቱ ድምፁ ተመለሰ። ባለቤቱ ፊልሙን ደገመና፣ «ካላሳቅህ በቦታህ ሌላ ሰው አቆማለሁ» አለው። ዝናቡ ሲመጣ ተርጓሚው አፉን ዘጋ። ባለቤቱ ከበሩ ሆኖ በእጁ አጣደፈው፤ እሱ ግን አልተነፈሰም። አንድም ሰው አልወጣም። ባለቤቱም ይህን አየ፤ የዚያን ዕለት ተርጓሚው እራቱን በላ።

ረድኤት ሰውየው ከዚያ የት እንደደረሰ ጠየቀች።

«በላ አልኩሽ» አሉ መምህሩ። ቀጥለውም ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ ፊልሙ አልተለወጠም፤ ተመልካቾቹም እነዚያው ናቸው። የጋረደው የተርጓሚው ጩኸት ነበር። የተናቀ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚናቀው ሥራው ራሱ ሳይሆን በላዩ የተወራው ነው። አንቺም ከጓደኞችሽ ጋር አትከራከሪ። ፊልሙን ክፈቺላቸው፤ ዝናቡ ጋ አድርሻቸውና ዝም በይ» አሏት።