ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

የዱቄት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልዑልሰገድ በማኅተም የሚምሉ ሰው ነበሩ። «መዝገብ ቤት ፈርሞ ያልተቀበለው ደብዳቤ አይጸናም» የሚለውን ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ሁሉ አጠራቅሞ በኔትወርክ ለየቢሮው የሚያድል መሣሪያ አስገዙና ከወንበራቸው ጀርባ አስቀምጠው ዳንቴል አለበሱት።

ከዚያ ዋጋውን ማውጣቱ በሠራተኛው ፊት ይፈተን አሉ። ተፎካካሪው ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤቱን የያዘችው፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የተሳለ ሴትዮ ነበረች።

«የዛሬ አሥር ዓመቱን የወፍጮ ግዢ ውል አምጡ» ተባለ። መሣሪያው ውሉን ወዲያው ስክሪን ላይ አወጣው። ሴትየዋ መሸነፏን ያወቀችው ገና የፋይል መደርደሪያው መሰላል ላይ ሳለች ነው፤ አቧራዋን ጠጥታ ስትመለስ ጭብጨባው አልቋል።

አቶ ልዑልሰገድ አስቀድመው ያስጻፉትን የስንብት ደብዳቤ ዘረጉላት። «ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ ቤቱ ይኸ መሣሪያ ነው። አንቺ የምትችይው፣ እሱ የማይችለው ነገር ካለ እስቲ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሪ» አሏት።

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ቁጥርም፣ ፊርማም፣ ክብ ማኅተምም አለው። ከግርጌው እንደ ወጉ «ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» ይላል።

«ፍጥነቱስ እውነት ነው ጌታዬ፣ በልጦኛል» አለች። «ግልባጩን ግን መዝገብ ቤት ፈርሞ ካልተቀበለ ስንብቴ አይጸናም። እኔ እንዳልፈርምልዎ አሰናብተውኛል። አዲሱ መዝገብ ቤት ከጀርባዎ ነው፤ ዳንቴሉን ገለጥ ያድርጉለትና ያስፈርሙት።»