የዘሀራ ድርሻ

በወሎ ቆላ፣ ከገደሉ ሥር፣ የዘሀራ ምንጭ የሚሏት ውሃ አለች። ከእሷ የሚቀዳ ሰው የመጀመሪያዋን ቅል መሬት ላይ ሳያፈስ አይጠጣም፤ መንገደኛ ሳያውቅ ቢጎነጭ ሴቶቹ «ኧረ አላህን ፍራ! ለልጅቷስ?» ብለው ይቆጡታል።

ሽማግሎች እንደሚሉት፣ ድሮ ውሃ ከዚያ አገር ጨርሶ የጠፋበት ዘመን ነበር፤ ሰዉም ከብቱን እየነዳ ወደ ሩቁ ወንዝ ወረደ። ሞሚና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ግን ያለቻት ልጇ ዘሀራ ብቻ ነበረችና፣ ልጅቷም ከስታ መንገዱን የምትችለው አልመሰላትምና፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ ስትል ጠጠር ጣዩን አያ ሙሄን ጠየቀች።

የዚያ አገር ጠጠር ከታች ወደ ላይ በስድስት መስመር ይደረደራል፤ እንደ አወጣጡ አንዱ መስመር ነጠላ፣ ሌላው ጥንድ ይሆናል። ከጠጠሮቹ አንዷ ነጭ ናት። እሷ ያረፈችበት መስመር አይረጋም፤ ነጠላው እንደ ጥንድ፣ ጥንዱም እንደ ነጠላ ይነበባል። ድርድሩ እንደወደቀ ዛሬን፣ ሲለወጥ ነገን ያሳያል። እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ከታች ከከብት እስከ ላይ እስከ ጠያቂው ራሱ ድረስ ባለቤት አለው፤ ለውጡም የሚመጣው በዚያ ባለቤት በኩል ነው ይባላል።

አያ ሙሄ ጣለ። የዛሬው ድርቅ ነበር። የነጯን መስመር በልቡ ቢገለብጠው ድርቁ ምንጭ ሆነ! ሽማግሌው ከደስታው ብዛት ዘለለ አሉ። «ሞሚና፣ ውሃ መጣልሽ! የትም እንዳትሄጂ!» አላት። ነገሩ እስኪደርስ ማንም እንዳይነካው ጠጠሩን በቅርጫት ከደነና ከብቱን ነድቶ ወረደ። እሱስ ለምን አልቆየም ብዬ ብጠይቅ፣ «ከብት ነገን አይጠብቅም» አሉኝ። ልጅስ?

ሞሚና ከድንጋይ ሥር የምታገኛትን ጠብታ ለልጇ እየሰጠች ጠበቀች። ዘሀራ ሞተች። የሚቀብርላት ሰው አልነበረምና እናቲቱ ራሷ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ስትቆፍር አፈሩ ረጠበ፣ ከዚያም ውሃ ፈልቆ መቃብሩን ሞላው። ልጇን ተሸክማ ወጥታ ከፍ ካለው ቦታ ቀበረቻት።

ሰዉ ወሬውን ሰምቶ እልል እያለ ተመለሰ። ሞሚና አያ ሙሄን ጠርታ ቅርጫቱን አነሣች።

«ነጯ ያለችበት የማን መስመር ነው?»

ሽማግሌው አጎነበሰ። «የልጅ።»

«ያን ለት አላዩትም?»

«ውሃውን አየሁና ደስ አለኝ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አላየሁም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ጠጠር ጣይ ምን እንደሚመጣ ከመናገሩ በፊት ነጯ በማን ላይ እንዳረፈች ይናገራል። በዚህ የዳነ ሰው አለ ሲባል ግን አልሰማሁም፤ አውቆ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሞሚናም እዚያው አረጀች፤ ሌላ ውሃ የት አለና ያንኑ ጠጣች። በየማለዳው ግን አስቀድማ ለልጇ ታፈስ ነበር ይባላል።

ዛሬም ሴቶቹ «ጠጪ፣ ዘሀራ» ብለው ያፈሳሉ። አገሩ ቆላ ነው፤ እንስራው ሳይሞላ ያፈሰሱበት መሬት ደርቆ ይገኛል።